«ጠንከር ያለውን ስጡኝ»፦ የሽንት ሕመምና የሞያሌ ሁለት መድኃኒት ቤቶች

ሞያሌ ላይ የታመመ ሰው መድኃኒት የሚያማርጥበት ሁለት አገር አለው። ሽንት ሲያቃጥለው በኢትዮጵያ በኩል ካለው ፋርማሲ ይገዛል፤ ካልተሻለው ይሻገርና በኬንያ በኩል «ኬሚስት» ከሚባለው ሱቅ ይገባል። በኬንያው ወገን የሚኖረውም እንዲሁ ወደ ሰሜን ይሻገራል። ብሩም ሽልንጉም ይሠራል፤ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው፣ ስዋሂሊው ሁሉ ያግባባል። ከዚያ የሚመጣው ክርክር ግን ያው ነው፦ የየትኛው አገር መድኃኒት ይበልጣል? አንዱ «የዚህኛው ደካማ ነው» ይላል፤ ሌላው «የዚያኛው ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «መርፌ ካልተወጋሽ አይለቅሽም» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ጥያቄው ከሥሩ ተሳስቷል ባይ ነኝ።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በመድኃኒት አልመለስ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ጠንካራ መድኃኒት አይደለም። የጎደለው ጀርሙ ምን እንደሆነና በምን እንደሚሞት ማወቅ ነው። እንዲያውም ብዙዎቻችን «ጠንካራ» ብለን የምንሮጥላቸው መድኃኒቶች ጀርሞቹ በብዛት የተላመዷቸው ናቸው። ከ70 ዓመት በፊት ገበያ ላይ የዋለችውና ዛሬ የሚጠይቃት ያጣች አንዲት እንክብል ግን አሁንም ትሠራለች። ይህን ያልተረዳ ሰው አዲስ አበባም ይሂድ ናይሮቢ የሚገዛው ያንኑ ውድቀት ነው፣ በውድ ዋጋ።

የሚላመደው ጀርሙ ነው

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሰውነት አንቲባዮቲክ አይለምድም፤ የሚላመደው ጀርሙ ነው። ነገሩ የሰውነት ቢሆን ኖሮ ችግሩ መድኃኒት አብዝቶ በወሰደው ሰው ላይ ብቻ በቀረ ነበር። ቀላል ከሚባሉት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽኖች ከአራቱ ሦስቱን ወይም ከዚያ በላይ የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። መኖሪያው አንጀት ነው፤ እዚያ እስካለ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም። የሴት የሽንት ቱቦ አጭር በመሆኑ ግን ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ ፊኛ ለመድረስ ብዙ አይርቀውም። እንግዲህ አንዲት ሴት በጥር ወር ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ዋጠች እንበል። ጉንፋን ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒቱ ለጉንፋኑ ምንም አልፈየደም። አንጀቷ ውስጥ ግን ሥራ ሠርቷል፤ የሚሞቱትን ኢ. ኮላዮች ጨርሶ መድኃኒቱን የሚቋቋሙትን ትቶላታል። የቀሩት ቦታው ተለቆላቸው ይራባሉ፤ ለወራትም አንጀት ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። መጋቢት ላይ ሽንቷ ማቃጠል ሲጀምር ወደ ፊኛዋ የወጣው ጀርም ከእነዚያ ወገን ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ያንኑ አሞክሳሲሊን ደግማ ብትገዛ የየትኛውም አገር ፋብሪካ ያምርተው፣ ውጤቱ አንድ ነው።

የከፋው ደግሞ ይከተላል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ኢኤስቢኤል የሚባል ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ይህ ኢንዛይም ፔኒሲሊኖችን ብቻ ሳይሆን እንደ ሴፍትሪአክሶን ያሉትን መርፌዎችም ይሰባብራል። ኢንዛይሙን የሚያዝዘው ዘረ-መል የተቀመጠው ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው በሚተላለፍ ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀለበት ላይ ኮትሪሞክሳዞልንና ሌሎችንም መድኃኒቶች የሚያከሽፉ ዘረ-መሎች አብረው ይጓዛሉ። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት አለአግባብ መውሰድ ሰው ቀምሶት የማያውቀውን ሌላ መድኃኒት ያከሽፍበታል። ጀርሙ በእጅ፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በውኃ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ በሕይወቷ አንቲባዮቲክ ያልወሰደች ሴት ከቤተሰቧ ልትወርሰው ትችላለች።

ከሽንት ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሕንድ ታክሞ ከተመለሰ የስዊድን ነዋሪ ሽንት ውስጥ፣ ለመጨረሻ የሚቆጠቡትን ካርባፔነም የተባሉትን መድኃኒቶች ጭምር የሚሰብር ኢንዛይም ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በኒው ዴልሂ ስም ኤንዲኤም-1 አሉት። የሕንድ ባለሥልጣናት በስያሜው ክፉኛ ተቆጡ። ቁጣቸው አይፈረድበትም፤ ዘረ-መሉ ግን ክርክሩ ሳያልቅ በዓለም ዙሪያ ተዛመተ። ሞያሌ ላይ «የእናንተ መድኃኒት፣ የእኛ መድኃኒት» ሲባባሉ ስሰማ ይህ ሙግት ትዝ ይለኛል።

የምሥራቅ አፍሪካን ገጽታ በቁጥር ያሳየን ሐቱዋ በሚል ስያሜ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተካሄደው ጥናት ነው። በኬንያ ናይሮቢን፣ ናንዩኪንና ማኩዌኒን ያካተተው ይህ ጥናት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምልክት ያለባቸውን ከ7 ሺህ 500 በላይ ሕሙማን መረመረ። ሽንታቸው ላብራቶሪ ውስጥ ሲዘራ በቂ ጀርም የበቀለባቸው 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከተገኙት ጀርሞች ደግሞ ግማሽ ያህሉ በሦስትና ከዚያ በላይ በሆኑ የመድኃኒት ቤተሰቦች የማይበገሩ ሆነው ተገኙ። በኢትዮጵያም ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የወጡ ጥናቶች ወደዚያው ያመለክታሉ፦ አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊን በአብዛኛው ከሽፈዋል፣ ኮትሪሞክሳዞል ይከተላቸዋል፣ ሴፍትሪአክሶንና በአጭሩ ሲፕሮ የሚባለው ሲፕሮፍሎክሳሲንም እያዘገሙ ወደዚያው ናቸው።

ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሰው የሚደነግጠው በሁለተኛው ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የመጀመሪያው ነው። ሽንት አቃጥሏቸው ከመጡት ከሦስቱ በሁለቱ ላይ ጀርም በበቂ መጠን አልተገኘም። እርግጥ ይህ ማለት እነዚያ ሰዎች አልታመሙም ማለት አይደለም፤ ምልክት ባለባት ሴት ላይ አነስተኛ የጀርም ቁጥርም ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል መስፈሪያው ራሱ ያከራክራል። ቀድሞ የተወሰደ አንቲባዮቲክም ውጤቱን ሊሸፍነው ይችላል። ሆኖም ከእነዚህ መካከል የብልት ኢንፌክሽን ያለባት፣ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ የያዘው፣ ጠጠር ያስቸገረው፣ ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሁሉ አለ። ለእነዚህ ሰዎች «አልሠራ ያለው» መድኃኒት ሊሠራ የሚችልበት ጀርም መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ሁለት ደቂቃ በመስኮቱ ላይ

በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ዶክተር፣ ሽንት ያቃጥለኛል» ትላለች። (ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) «ምን ወስደሽ ነበር እህቴ?» «አሞክሳሲሊን፤ ምንም አላደረገልኝም። አሁን ጠንከር ያለውን ስጡኝ።» ሲፕሮ ይቆጠራል፤ ሲፕሮውን ከዚህ በፊት ወስዳው ከሆነ ነገሩ ወደ ሴፍትሪአክሶን መርፌ ያመራል። ገንዘቧ ካልሞላ ደግሞ አሥር ፍሬ የነበረው ስድስት ፍሬ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ጎንሽን ይወጋሻል ወይ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ፣ ፈሳሽ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

እዚህ ላይ «ጠንካራ» የሚለው ግምት ያሳስታል። ባለሙያዎች ሰፊ የሚሉት መድኃኒት ብዙ ዓይነት ጀርም ይነካል ማለት ነው እንጂ ፊኛ ውስጥ ያለውን ጀርም አብልጦ ይገድላል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ከፍሏቸዋል፦ በቅድሚያ የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡና ለመጨረሻ የሚቆጠቡ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪአክሶን ሁለቱም ከሁለተኛው ምድብ ናቸው፤ በእኛ መስኮት ግን የዕለት ጉርስ ሆነዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 የሲፕሮን ቤተሰቦች ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል፤ ጅማትን፣ ነርቭንና አእምሮን ሊጎዱ ይችላሉና።

ከዚህ ሁሉ ጎን የምትቆመው ናይትሮፉራንቶይን ናት። ሥራ ላይ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን የምትመደበው በቅድሚያ ከሚሰጡት ተርታ ነው። ባሕርይዋ ልዩ ነው፦ ደም ውስጥ እምብዛም አትቆይም፤ ኩላሊት አጣርቶ ወደ ሽንት ይጥላታልና የምትከማቸው ጀርሙ ባለበት በፊኛ ነው። ጀርሙን የምታጠቃውም በአንድ በኩል ሳይሆን በብዙ አቅጣጫ በመሆኑ ኢ. ኮላይ እሷን ለመላመድ ተቸግሯል። ኢኤስቢኤል የሚያመነጨውና ሴፍትሪአክሶንን የሚሰብረው ኢ. ኮላይ እንኳ ብዙውን ጊዜ በዚህች እንክብል ይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን የሚያዝዘው በዝግታ የሚሟሟውን ባለ 100 ሚሊ ግራም እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀናት ነው።

ለምን ተረሳች ታዲያ? አንዱ ምክንያት ሽንትን ቡናማ ማድረጓ ይመስለኛል። ማንም አስቀድሞ ያልነገራት ሴት የሽንቷን ቀለም አይታ «ደም ሸናሁ» ብላ በሁለተኛው ቀን ብታቆማት አይገርምም። ሆድ ባዶውን ሲወስዷትም ታቅለሸልሻለች፤ ከምግብ ጋር መሆን አለባት። ገደብም አላት፦ ኩላሊት ላይ ለወጣ ኢንፌክሽን አትሆንም፤ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አትሰጥም፤ መውለጃዋ ለደረሰ እርጉዝም ትከለከላለች። ፕሮቲየስ የተባለውን ጀርም በተፈጥሮው አትነካውም፤ ክሌብሲየላ ላይም ሁልጊዜ አትተማመኑባት። እሷ ካልሆነች ፎስፎማይሲን አለ፤ 3 ግራሙ በውኃ ተበጥብጦ አንዴ ይጠጣል። ጀርሙ ኩላሊት ደርሶ ትኩሳት ካስከተለ ደግሞ ጨዋታው ይለወጣል። ያን ጊዜ እንደ ምርመራው ውጤት ጀንታማይሲን ወይም አሚካሲን የኩላሊት አቅም እየታየ ይሰጣል፤ እሱም ካልሆነ እንደ ሜሮፔነም ያሉት የሆስፒታል መድኃኒቶች ይመጣሉ። እነዚህን በመስኮት የሚገዛ ሰው ከገደል አፋፍ ላይ ቆሟል።

አዲስ መድኃኒት የለም ወይ ለሚል፦ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አሜሪካ ውስጥ ጌፖቲዳሲን የተባለ ለዚሁ ሕመም የሚዋጥ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ጸድቋል፤ በዓይነቱ ለ30 ዓመታት ያህል ያልታየ ነው። ሞያሌ እስኪደርስ ግን ብዙ ዘመን ይፈጃል። ሲደርስም በስድስት ፍሬ እየተቆጠረ የሚሸጥ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው።

«መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» እና ሌሎች ሙግቶች

የሚቃወሙኝ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። የመጀመሪያው ሙግት የፎርጅድ መድኃኒት ነው፤ ይህን የሚሉ አልተሳሳቱም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚዘዋወሩት የሕክምና ምርቶች ከአሥሩ አንዱ ከደረጃ በታች ወይም የተጭበረበረ ነው። ድንበር ላይ፣ ለዚያውም ኮንትሮባንድ በሚበዛበት፣ ሥጋቱ አይቀንስም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐቱዋ የመረመራቸው ጀርሞች የተፈተኑት ላብራቶሪ ውስጥ፣ መጠኑ በተረጋገጠ መድኃኒት ነው። እዚያ ፎርጅድ የለም። እንዲያም ሆኖ ግማሾቹ ብዙ መድኃኒቶችን ተቋቁመዋል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ጥራት ከችግሩ ከፊሉን እንጂ ሁሉን አያስረዳም፤ ሰው ደግሞ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር የሚያጣራው ጥራቱን ሳይሆን ማሸጊያውን ነው።

ሁለተኛው ሙግት የሕግ ሰዎች ነው፦ ያለ ማዘዣ መሸጥ ይከልከል። ክልከላው እኮ አለ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እና በሥሩ የሚወጡ መመሪያዎች፣ በኬንያም የፋርማሲና የመርዝ ቦርድ የሚያስከብረው ሕግ አንቲባዮቲክ በማዘዣ እንዲሸጥ ይጠይቃሉ። አንዱ ወገን አጥብቆ ሌላው ካላላ ሞያሌ ላይ ሕጉ በእግር የሚታለፍ ነው። ሁለቱም ካጠበቁ ደግሞ ልጅ አዝላ ከሩቅ የመጣች እናት ለአምስት ቀን እንክብል ሆስፒታል ወረፋ ልትውል ነው፤ ወረፋው ሲመርራት ከማን እንደምትገዛ አይጠፋችሁም። ስለዚህ ክልከላውን በጅምላ አልደግፍም። ከሲፕሮና ከሴፍትሪአክሶን ይጀመር፤ እነዚህ ከመስኮት ይውረዱ። በምትካቸው የሠለጠነ የፋርማሲ ባለሙያ ጥቂት ጥያቄዎችን ጠይቆ ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ላለባት፣ እርጉዝ ላልሆነች፣ ትኩሳት ለሌላት ሴት ናይትሮፉራንቶይንን እንዲሰጥ ይፈቀድለት። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝ ከጥር 2024 መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 64 የሆኑ ሴቶችን በፋርማሲ እንዲህ ታስተናግዳለች። እንግሊዝ ሐኪም ጠፍቶባት ሳይሆን የሐኪሟን ጊዜ ለከባዱ ሕመም ለማትረፍ ነው። ሐኪም በጠፋበት አገር ይህ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ምክንያት አይገባኝም።

ሦስተኛው ሙግት ከሁሉም የከበደው ነው፦ ካልቸር ቅንጦት ነው፤ ውጤቱ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ዕቃውም ባለሙያውም የለም። ካልቸር ሲባል ምን እንደሆነ በቅርብ እንየው። ሕመምተኛዋ የመጀመሪያውን ሽንት ትታ መሐለኛውን በንጹሕ ዕቃ ትቀበላለች። ባለሙያው በቀጭን የሽቦ ቀለበት ከሽንቱ ቆንጥሮ የጀርም ምግብ በረጋበት ሳህን ላይ ያሰምረዋል። ሳህኑ በሰውነት ሙቀት ልክ ሲያድር ጀርም ካለ በማግስቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ነጠብጣቦች ፈልተው ይታያሉ። ከእነሱ ተወስዶ በሌላ ሳህን ላይ እንደ ሥሥ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ በላዩም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መድኃኒት የተነከሩ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ወረቀቶች ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ወረቀቱ ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይወጣል፤ የማይሠራ ከሆነ ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ለምልሞ ያድራል። ባለሙያው በማስመሪያ ሚሊ ሜትሩን ይለካና ሠንጠረዥ ያያል። የሽንት ካልቸር ከዚህ የረቀቀ መሣሪያ የግድ አይልም። እንዲያም ሆኖ ኬንያን ጨምሮ በ14 የአፍሪካ አገሮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት ካያቸው 50 ሺህ የሕክምና ላብራቶሪዎች ባክቴሪያ የሚመረምሩት 1.3 በመቶው ብቻ ናቸው።

ለተቃዋሚዎቼ ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንት ያቃጠላት ጤነኛ ወጣት ሴት ካልቸር አያስፈልጋትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህንኑ ይላል። ካልቸር የግድ የሚሆነው ታክሞ ለተመለሰበት፣ ለእርጉዝ፣ ለወንድ፣ ለሕፃን፣ ትኩሳትና የጎን ውጋት ላለው፣ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ነው። ምልክት የሌለው ሰውማ እርጉዝ ካልሆነች ወይም የሽንት መንገድ ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ካልሆነ በቀር ሽንቱ ውስጥ ጀርም ቢገኝም አይታከምም፤ ለቼክአፕ ገብቶ «ኢንፌክሽን አለብህ» ተብሎ ሲፕሮ ይዞ የሚወጣው ሰው ቁጥር ግን ቀላል አይመስለኝም።

ካልቸር ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን ሁሉ የሚያስፈልገው የአካባቢው የጀርም ሠንጠረዥ ነው፦ በዚህ ከተማ ኢ. ኮላይ ለየትኛው መድኃኒት ከመቶ ስንቱ ይሞታል? ይህ ቢታወቅ ሐኪሙ ካልቸር ሳይጠብቅም በግምት የሚሰጠው መድኃኒት መሠረት ይኖረዋል። ዓለም አቀፍ የላብራቶሪ ደንብ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ለማውጣት በዓመት ከአንድ ዓይነት ጀርም ቢያንስ 30 ናሙና ይፈልጋል። ትንሽ ሆስፒታል ብቻውን ለዚህ ቁጥር ሊቸገር ይችላል። ሁለት ሆስፒታሎች ተጋግዘው ግን ይሞሉታል። የሞያሌ ሰው በሁለቱም በኩል ያው ሰው ነው፤ ይጋባል፣ ይገበያያል፣ ያንኑ ውኃ ይጠጣል፤ ጀርሙም ያው ነው። ሽንት ከተሰጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ መዘራት አለበት፤ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ወይም ቦሪክ አሲድ ባለበት ቱቦ ከተቀመጠ ግን እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ናሙናው ሊላክባቸው የሚችሉት ማርሳቢት 250፣ ያቤሎ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሞያሌ ይርቃሉ፤ ሁለቱም መንገዶች አስፋልት ናቸው። በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) የሁለቱ አገሮች መሪዎች ሞያሌ ላይ የአንድ መስኮት የድንበር ኬላ መርቀዋል። የጭነት መኪና ሁለቴ እንዳይፈተሽ የተስማሙ መንግሥታት የሽንት ናሙናን በአንድ መዝገብ ማስፈር የሚያቅታቸው አይመስለኝም።

ከእንክብል በፊት

ስለ መድኃኒት ብቻ ካወራሁ ሐሰት ተናገርኩ ማለት ነው። ሞያሌ ውኃ የሚቸግራት ከተማ ናት፤ በጀሪካን የሚገዛ ውኃ ተቆጥቦ ነው የሚጠጣው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ ጥናት የፊኛ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው፣ ውኃ የማያዘወትሩ ሴቶች በቀን 1.5 ሊትር ጨምረው እንዲጠጡ ሲደረግ በዓመት ውስጥ የታመሙት በአማካይ 1.7 ጊዜ ነው፤ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመዋል። የወሰዱት አንቲባዮቲክም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ውኃ ቦኖ ላይ የሚውል በጀት አንቲባዮቲክን ከመክሸፍ ያድናል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሌላው የማይነገረው ግርዛት ነው። በአካባቢው በአንዳንድ ማኅበረሰቦች የሚፈጸመውና ብልትን የሚሰፋው፣ ማለትም የሚዘጋው፣ ዓይነት የሽንትን መውጫ ያጠብባል፤ ሽንት እያዘገመ ይንጠባጠባል፤ የቀረው ይጠራቀማል፤ ኢንፌክሽኑ ይመላለሳል። እንዲህ ያለች ሴት አሥር ዓይነት አንቲባዮቲክ ብትወስድ ጀርሙን መላመድ ታስተምረዋለች እንጂ አትድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የሽንት ችግር ላለባቸው የተሰፋው እንዲከፈት ይመክራል። ኬንያ ግርዛትን እ.ኤ.አ. በ2011 በሕግ ከልክላለች፤ የተገረዘችው ግን አለች፣ ደግሞም ለሐኪም ለመንገር ታፍራለች። ሕመሙ የሚመላለስባትን ሴት በአክብሮት፣ በሴት ባለሙያ፣ በቋንቋዋ መጠየቅ ከማንኛውም መርፌ ይቀድማል።

ፍርዴን ላስቀምጥ። የሁለቱ ሞያሌዎች ጤና ቢሮዎች አንድ የጋራ የጀርም ሠንጠረዥ በየዓመቱ ያውጡ፤ ናይትሮፉራንቶይን ከሁለቱም ወገን መደርደሪያ አይጥፋ፤ ሲፕሮና ሴፍትሪአክሶን ከመስኮት ይነሡ። ለአንባቢ ደግሞ ይህን እላለሁ፦ ሽንት ማቃጠሉ ታክሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ሌላ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ካልቸር ይጠየቅ፤ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋት ወይም ማስመለስ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም እርጉዝ ሴት፣ ከፋርማሲም ከኬሚስትም አይግቡ፤ በዚያው ዕለት ወደሚቀርባቸው ሆስፒታል ይሂዱ፣ የየትኛውም አገር ቢሆን።